ለግድግዳ ስሸምን፦ እስካሁን የደረስኩበት

የማይለበስና የማይነጠፍ፣ ለመታየት ብቻ የሚንጠለጠል ጨርቅ መሸመን ጀምሬያለሁ። ሽመና ሥነ ጥበብ የሚሆነው ሥዕል ሲመስል ነው የሚሉ አሉ። በልምምዴ ያየሁት የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጨርቁ ዐይን የሚይዘው ድርና ማጉ ራሳቸው ሲታዩ ነው።

ያነሳሳችኝ በባውሃውስ፣ በጀርመኑ የሥነ ጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት፣ የሠለጠነችው ሸማኔ አኒ አልበርስ ናት። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1949 የእርሷን ሥራዎች ለብቻቸው ሲያሳይ፣ ለአንድ የሽመና ባለሙያ እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ የመጀመሪያው ነበር። በ1936 በሠራችው «ጥንታዊ ጽሑፍ» ላይ ተጨማሪ ማግ ከመሠረቱ በላይ እየተንሳፈፈ ያልፋል፤ ጽሑፍ ይመስላል እንጂ የሚነበብ ፊደል የለውም። ይህን ስልት እየተለማመድኩ ነው። መሠረቱን በቀጭን ክር ሸምኜ ለተንሳፋፊው ወፍራም ክር እመርጣለሁ። ወፍራሙ ክር በድር ሳይታሰር ረጅም ርቀት ከሄደ ይላላል፤ ስለዚህ የት እንደሚታሰር አስቀድሜ በወረቀት ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

አሁን ልቤን የወሰደው ግን ባዶ ድር ነው። አሜሪካዊቷ ሸማኔ ሌኖር ቶውኒ በ1950ዎቹ ሰፊ የድር ክፍል ማግ ሳታስገባበት ትተወው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጨርቁ ከሽመና ዕቃው ሲወርድ ውጥረቱ ይጠፋና ከላይና ከታች ያለው ማግ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታል። መፍትሔ የሆነኝ በባዶው ክፍል ዳርና ዳር ድሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማቋለፍና በመቋለፊያቸው ማግ ማሳለፍ ነው። የተቋለፈው ድር ማጉን ጨምድዶ ይይዘዋል። ለድር ደግሞ የተልባ ክር እመክራለሁ፤ ሱፍ በራሱ ክብደት ይለጠጣል፣ ተልባ ግን ተሰቅሎም ቅርጹን ይጠብቃል። ለልብስ የሚሠራ ሸማኔ ይህን ያህል ስለ ስበት አይጨነቅም፤ ለእኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

ፖላንዳዊቷ የሥነ ጥበብ ሰው ማግዳሌና አባካኖቪች በ1960ዎቹ ከቃጫ የሸመነቻቸው ግዙፍ ሥራዎች ከጣሪያ ስለሚንጠለጠሉ ተመልካች በዙሪያቸው ይሄዳል። እኔም ጀርባውን እንደ ፊቱ መጨረስ ጀምሬያለሁ፦ የክር ጫፎችን እየደበቅኩ አልቆርጥም፤ መልሼ ወደ ውስጥ እሸምናቸዋለሁ። የሚቀጥለውን ሥራ ከግድግዳው ትንሽ አርቄ ልሰቅለው አስቤያለሁ፤ በባዶው ድር በኩል ብርሃን ገብቶ ጥላው ግድግዳው ላይ እንዲያርፍ።