ቱታ፣ ቶርክ ሬንች እና ፊርማ፦ የአውሮፕላን ቴክኒሺያን የሆንኩበት መንገድ

ሴትና አውሮፕላን ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ የምትታየው የበረራ አስተናጋጇ ናት። ቀጥላ አብራሪዋ። ሁለቱንም ከልቤ አከብራለሁ። እኔ ግን የምሠራው ጥገና ላይ ነው። አውሮፕላን ሃንጋር፣ ማለትም የጥገና አዳራሽ፣ ሲገባ ሽፋኑን ከሚከፍቱት፣ ሞተሩን ከሚፈትሹት፣ የላላውን ከሚያጠብቁት፣ በመጨረሻም ስማቸውን ጽፈው ከሚፈርሙት ሰዎች አንዷ ነኝ። ያ ፊርማ ከሌለ አውሮፕላኑ አይነሳም።

ትምህርት ቤት ያሉ ሴት ልጆች "እንዴት ገባሽበት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። የአየር ኃይል ከተማ ስለሆነ የአውሮፕላን ድምፅ የሚያስደነግጠው ልጅ የለም። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል መካኒክ ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የሰፈሩ ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብላቸዋለሁ። ሴት መሆኔን አንድም ቀን ጉዳይ አድርገውት አያውቁም። የሚቆጡት ዕቃ ከተነሳበት ቦታ ካልተመለሰ ብቻ ነበር። የዚያ ቁጣ ምክንያት የገባኝ ሥራ ስጀምር ነው። ሃንጋር ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥርና የራሱ ቦታ አለው። ሥራው አልቆ አንዲት ፒንሳ ከጎደለች እስክትገኝ ድረስ አውሮፕላኑ አይለቀቅም። ሞተር ውስጥ የተረሳ ዕቃ ሰው ይገድላልና።

እማዬ ግን ከብዷት ነበር። "ልጄ፣ በቅባት ተለውሰሽ ስትመጪ ማን ያገባሻል?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም፤ ፈርታልኝ እንጂ ጠልታኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ስለ ሥራዬ ለጎረቤት የምታወራው እሷ ናት። አግብቼም ወልጄም አይታለች።

መግቢያው ሰው እንደሚያስበው ምስጢር የለውም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። የሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዘገብኩ። የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የጤና ምርመራ አለፍኩ። ሒሳብና ፊዚክስ የግድ ናቸው። "አንዱን ብቻ አጠንክሪ" ብባል ግን እንግሊዝኛ እላለሁ። የጥገና ማኑዋሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሥራው ቅደም ተከተል አንዲት መስመር ዘለሽ ብታልፊ ያንን መስመር የሚያስታውስልሽ ሰው የለም። በቃል ማወቅ ደግሞ በኛ ሥራ አያስመሰግንም። መቶ ጊዜ የሠራሽውንም ቢሆን ማኑዋሉን ከፍተሽ ነው የምትሠሪው።

ሥልጠናው ሲጀመር አውሮፕላን አይሰጡሽም። ሞረድ ነው የሚሰጡሽ። አንድ ቁራጭ ብረት ይዘሽ ጎኖቹ ቀጥ እስኪሉ ትሞርጃለሽ። መዳፍሽ ይላጣል። ቀጥሎ ቆርቆሮ መቁረጥና ሪቬት፣ ማለትም ቆርቆሮ ከቆርቆሮ የሚያያይዝ ምስማር፣ መምታት ይመጣል። ከዚያ ሴፍቲ ዋየር። ይሄን ላብራራው፣ ምክንያቱም ከሥራው ሁሉ አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

ሞተር ይንቀጠቀጣል። ንቅጥቅጡ ቡሎንን ቀስ በቀስ ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ የአንዳንድ ቡሎኖች ራስ ላይ ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ ታሳልፊያለሽ፣ ሁለቱን ጫፍ በፒንሳ ትገምጃለሽ፣ ወደ ቀጣዩ ቡሎን ትወስጂዋለሽ። ቁም ነገሩ አቅጣጫው ነው። አንዱ ቡሎን ልፈታ ሲል ሽቦው ሌላውን ወደሚጠብቅበት ጎን መሳብ አለበት። ግምዱ ከላላ ጥቅም የለውም። ከበዛ ሽቦው ይደክምና ይበጠሳል። መጨረሻ ላይ የተረፈውን ጫፍ አጥፈሽ ትደብቂዋለሽ፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እጁን ይቆርጣል። አሠልጣኛችን የተሠራውን ሽቦ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው ብቻ ማን እንደሠራው ይናገሩ ነበር።

"ጉልበቱስ?" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እስቲ ቶርክ ሬንችን፣ የማጥበቂያ ልክ የሚሞላበትን መፍቻ፣ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ቡሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ማኑዋሉ ላይ በቁጥር ተቀምጧል። ቁጥሩን መፍቻው ላይ ትሞያለሽ፤ ልኩ ሲደርስ "ቀጭ" ይላል፣ ታቆሚያለሽ። ጉልበተኛ ሰው ከልክ በላይ ያጠበቀው ቡሎን ይሳባል፣ ክሩ ይበላል፤ ከላላው ባልተናነሰ አደገኛ ነው። ከባዱን ነገር ደግሞ ክሪክና ክሬን ያነሳዋል። ሙሉ ጎማ ብቻውን ለመሸከም የሚሞክር ሰው ካለ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ሥርዓት ጥሷል። ጉልበት ያስፈልጋል፤ ግን ይሄን ሥራ የሚወስነው ልክን ማወቅ ነው።

ስለ ቢያትሪስ ሺሊንግ ያነበብኩት ሥልጠና ላይ እያለሁ ነው። እንግሊዛዊት ኢንጂነር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስፒትፋየርና ሃሪኬን የተባሉት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች አንድ ክፉ ችግር ነበረባቸው። አብራሪው አፍንጫቸውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለው ነዳጅ ይዛባና መርሊን የተባለው ሞተራቸው ይታፈናል። የጀርመኖቹ ሞተር ነዳጅ የሚረጭ ስለነበር ይሄ አይነካውም፤ ቁልቁል ወርዶ ያመልጣል። ሺሊንግ በ1941 ያመጣችው መፍትሔ መሃሏ የተበሳ ትንሽ ብረት ናት። ነዳጁ ሞተሩ ከሚችለው በላይ እንዳይፈስ ትገድባለች። አውሮፕላኖቹን ከግንባር ማንሳት ሳያስፈልግ እሷና ጥቂት ባልደረቦቿ የጦር አየር ማረፊያዎቹን እየዞሩ አስገጠሟት። ስለ አቪዬሽን ሴቶች ሲወራ የእሷ ስም እምብዛም አይነሳም። ለኔ ግን የሙያዬ ታላቅ እህት እሷ ናት። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ልምድ ካካበትኩ በኋላ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ያለ አንድ የጥገና ድርጅት ቀጠረኝ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ያለው ጥበቃ መታወቂያዬን ሳያይ የጽዳት ሠራተኞች የሚገቡበትን በር ጠቆመኝ። ከኢትዮጵያ የመጣች ሴት ሌላ ሥራ ይኖራታል ብሎ አልገመተም። በዚያች ከተማ በሰው ቤት የሚደክሙት እህቶቼ ሥራ ክቡር ነው። ያንገበገበኝ እኛን ከአንድ በር ውጪ ማሰብ አለመቻሉ ነው። መታወቂያዬን አሳየሁት፣ ገባሁ።

እዚያ ሁለት ነገር ገጠመኝ። አንዱ ቱታው ነው። ሁሉም የወንድ ልክ ነው። የተንጠለጠለ እጅጌ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ይያዛል፤ ሰፊ ጓንት ያጠለቀ እጅ ደግሞ ትንሽ ዳዶ መያዝ አይችልም። የሥራ ባልደረቦቼ "ቻይው" አሉኝ። እኔ የደህንነት ሪፖርት አድርጌ ጻፍኩት። "ለሴት ልብስ ይገዛልኝ" አላልኩም። "ልኩ ያልሆነ ልብስ የሥራ አደጋ ነው" አልኩ፤ የትኛው ሥራ ላይ ምን ሊፈጠር እንደሚችል ዘረዘርኩ። ተገዛ። ትንሹን ልክ አነስ ያሉ ወንዶችም እየወሰዱ ይለብሱት ጀመር።

ሌላው ምስጋና መስሎ ነው የመጣው። "እጅሽ ትንሽ ነው፣ ጠባብ ቦታ ይገባል።" ልክ ነው፣ ይገባል። ግን እየዋለ ሲያድር ሥራዬ ጠባብ ቦታ መግባትና ወረቀት ማስተካከል ብቻ ሆነ። ሞተር ሲቀየር አልመደብም። ላንዲንግ ጊር፣ ማለትም አውሮፕላኑ የሚያርፍበት እግር፣ ሲወርድ አልጠራም። ይሄ ቅር መሰኘት ብቻ አይደለም። ላይሰንስሽን (የሙያ ፈቃድሽን) ለማሳደግ ሎግ ቡክሽ (የሠራሽው ሥራ የሚመዘገብበት ደብተር) ላይ የተለያየ ሥራ ሠርተሽ ኃላፊ ፈርሞበት መታየት አለበት። ባዶዎቹን ቦታዎች በማርከር ቀለም አቅልሜ ሺፍት መሪው ጋ ገባሁ። ስለ ሴትነት አንድ ቃል አላነሳሁም። "እነዚህ ክፍሎች ላይ ልምድ የለኝም፤ የሚቀጥለው የሞተር ቅያሪ ላይ ስሜ ይግባ" አልኩ። ገባ። ለጀማሪ እህቶቼ አጥብቄ የምነግረው ይሄንን ነው፤ ቅሬታሽን በሎግ ቡክ ቋንቋ አቅርቢው።

ሄለን ሪቺን ባሰብኳት ቁጥር ያ ጊዜ ይመጣብኛል። አሜሪካዊት አብራሪ ናት። በ1934 መደበኛ አየር መንገድ ውስጥ ተቀጠረች። የአብራሪዎቹ ማኅበር በአባልነት አልቀበልም አላት። የአየሩ ጠባይ ጥሩ ካልሆነ እንዳትበር ተከለከለች። ስሟ አብራሪ ነው፣ መሪው ግን አልተሰጣትም። በ1935 ሥራውን ለቀቀች። ከእሷ በኋላ ኤምሊ ሃወል እስክትቀጠር ድረስ፣ እስከ 1973 ማለት ነው፣ የአሜሪካ መደበኛ አየር መንገዶች ሴት አብራሪ አልቀጠሩም። መቅጠር አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ ሥራ መስጠት ሌላ ነው።

የኛም አገር ታሪክ አጭር አይደለም። ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ በ1930ዎቹ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ በረራ ተምረዋል። ወረራው መጣና መንገዱ ተቋረጠ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 መብረር ቢጀምርም የመጀመሪያዋን ሴት ካፒቴን ያየነው በ2010 ነው፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ ኪው 400 በተባለው አውሮፕላን ላይ። አርክቴክቸር ተምራ ነው ወደ በረራ የገባችው። በኅዳር 2015 ደግሞ አየር መንገዱ ወደ ባንኮክ በሴቶች ብቻ የተመራ በረራ አደረገ። ሰው ሁሉ የአብራሪዎቹን ፎቶ ሲያጋራ እኔ ደስ ያለኝ ምድር ላይ ያሉት ናቸው። የበረራ ዕቅድ የምታወጣዋ፣ ጭነት የምታሰላዋ፣ ከማማው ላይ ሆና "ተነሺ" የምትለዋ። አንዲት ልጅ አብራሪ የመሆን ፍላጎት ባይኖራትም አቪዬሽን ውስጥ ቦታ እንዳላት ያን ዕለት በግልጽ ታየ።

እርግዝናን በተመለከተ ማንም በግልጽ ስለማያወራው እኔ ልናገር። ነፍሰ ጡር መሆኔን እንዳወቅኩ ለሐኪሜና ለኃላፊዬ ወዲያው ተናገርኩ። ነዳጅ፣ የማሟሟቻ ኬሚካል፣ ስካይድሮል የሚባለው የሃይድሮሊክ ፈሳሽ፣ የአውሮፕላን ክፍል የሚፈተሽበት ኤክስሬይ፣ ይሄ ሁሉ አካባቢያችን አለ። ስካይድሮል በጤናውም ቀን ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ቆዳ ያሳክካል። እስክወልድ የጥገና ዕቅድና መዝገብ ክፍል ሠራሁ። እንደ ቅጣት አልቆጠርኩትም። አንድ ዕቃ በስንት በረራ እንደሚቀየር፣ የአንድ አውሮፕላን ታሪክ እንዴት እንደሚነበብ በደንብ የገባኝ እዚያ ነው። ስመለስ ግን ሎግ ቡኬን ይዤ ነው የተመለስኩት፤ የሞተር ሥራው ላይ ካቆምኩበት እንድቀጥል።

አሁን እየተዘጋጀሁ ያለሁት ሞተር አስነስቶ የመፈተሽ ፈቃድ ለማግኘት ነው። ኮክፒት (የአብራሪዎቹ ክፍል) ውስጥ ተቀምጠሽ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን ሙሉ ኃይል ድረስ ትወስጂዋለሽ፤ ሙቀቱን፣ ግፊቱን፣ ንቅጥቅጡን ታነቢያለሽ። የእሳት ማስጠንቀቂያ ቢበራ በስንት ሰከንድ ምን እንደምትዘጊ በቃልሽ መሆን አለበት። ማኑዋል ለማየት ጊዜ የማይሰጠው ክፍል እሱ ብቻ ነው። ሕፃኑ ሲተኛ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ እለማመደዋለሁ፤ ባለቤቴ ጠያቂ፣ እኔ መላሽ። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው።