የኪምቦዛው ሰማያዊ

ከዳሬሰላም እስከ ሞሮጎሮ በአዲሱ ባቡር ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ ወዲያ የኡሉጉሩን ተራሮች ግርጌ ይዞ የሚሄደው መንገድ ግን አያጣድፍም። ኪምቦዛ ደን ስንደርስ ፀሐይ ሞቅ ብላ ስለነበር ደስ አለኝ። ጌኮ ከሚባሉት እንሽላሊቶች አብዛኞቹ ሌሊት ይወጣሉ፤ እኔ ላየው የመጣሁት ሰማያዊው ጌኮ ግን የቀን ፍጡር ነው።

የመሩኝ የደን ጠባቂ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። እንደ አገሩ ልማድ «ምዜ» እያልኩ ጠራኋቸው፤ እሳቸውም «ፖሌ ፖሌ፣ ዳዳ» ይሉኛል፣ ቀስ በይ እህቴ ማለታቸው ነው። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ አለቱ ስለት አለው። ደኑ ራሱ ሰፊ አይደለም፤ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ምዜ አንድ ፓንዳነስ ዛፍ ሥር አቆሙኝ። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ረጅም፣ ጠርዙ እሾሃማ ነው፤ ግንዱን እየዞረ ይወጣል። ብዙ ጠበቅን። አንገቴ ዛለ። ድንገት ከሁለት ቅጠሎች መካከል አንድ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ። ያንን ቀለም በአበባም በወፍም አላየሁትም። ጅራቱ ተጨምሮ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ጉሮሮው ላይ ጥቁር መስመሮች፣ ሆዱ ብርቱካናማ። ወንዱ ነበር። ጉሮሮውን ነፍቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ዛፉ የእኔ ነው ማለቱ ነው። አረንጓዴና ነሐስ የተቀላቀለባት ሴቷ ትንሽ ዝቅ ብላ ታየችኝ። ትንፋሼን ይዤ ቆየሁ።

ሳይንስ ይህን ዝርያ በስም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። መኖሪያው ኪምቦዛና በአቅራቢያው ያሉ ጥቂት ቁራሽ ደኖች ብቻ ናቸው፤ በእነሱም ውስጥ ከፓንዳነስ አይርቅም። ያጠቃው ውበቱ ነው። ከ2004 መጨረሻ እስከ 2009 አጋማሽ አንድ የአዳኞች ቡድን ብቻ ከ32 ሺህ በላይ ጌኮዎችን ሰብስቧል፤ በባሕር ማዶ በመስታወት ሣጥን ለሚያኖሯቸው ሰዎች ይሸጡ ነበር። እኔን ይበልጥ ያስቆጣኝ አያያዛቸው ነው፦ ከላይ ያለውን ጌኮ ለመያዝ ዛፉን ይጥሉታል። ምዜ ክፍት ቦታ አሳዩኝና «እዚህም ነበሩ» አሉኝ። ዛፉ ከወደቀ የተረፈው ጌኮ ወዴት ይሄዳል?

በ2012 ዝርያው እጅግ በከፋ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት ተመደበ። በ2016 ጆሃንስበርግ ላይ የዱር እንስሳትንና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት አባል አገሮች ከዱር የተያዘው ለንግድ ድንበር እንዳይሻገር ወሰኑ፤ ክልከላው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጸና። ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ድንበር ላይ የሚቆም ሕግ ደን ውስጥ የሚነሣ እሳትን አያቆምም፤ ለጣውላ ተብሎ ከአሜሪካ አህጉር የመጣውና አገር በቀሉን ዛፍ እየተሻማ ያለውን ሴድሬላንም አይነቅልም።

ልንመለስ ስንል ምዜ አንድ ቅጠል በበትራቸው ጫፍ ገለጥ አደረጉ። በሥሩ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ተጣብቀዋል፤ ከአተር ፍሬ ብዙም አይበልጡም። ካሜራዬን ላወጣ ስል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉኝ። ቅጠሉን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት፤ እኔም ቦርሳዬን ዘግቼ ተከተልኳቸው።