«ኃይል» የሚለው ቃል ያስቸገረኝ ጉባኤ

ባለፈው ታኅሣሥ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ መንገድ ዳር በሚገኝ አንድ የስብሰባ አዳራሽ ለሦስት ቀን በተካሄደ የፊዚክስ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሄድኩት ጥናት ላቀርብ አልነበረም፤ ለአሥራ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ ብሆንም፣ በዚያ የተገኘሁት አልፎ አልፎ ለምጽፍበት ወርኃዊ መጽሔት፣ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ የፊዚክስ መጽሐፍ ላልገለጠ አንባቢ የሚሆን አንድ ጽሑፍ ይዤ ለመመለስ ነው። አዘጋጁ የሰጠኝ ቦታ ከ700 ቃላት የማይበልጥ ሲሆን፣ ጽሑፉም ጉባኤው በተዘጋ ማግስት ጠዋት እንዲደርሰው አሳስቦኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስሕተቴ ሁሉንም ለመያዝ መሞከሬ ነው። ከአዲሱ ገበያ በሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ብርዱ ገና ሳይሰበር ደረስኩና እስከ ማታ የቀረቡትን አሥራ አንድ ጥናቶች አንድም ሳላስቀር አዳመጥኩ፤ የስላይዶቹንም ፎቶ በስልኬ አነሳሁ። ቤቴ ገብቼ ስመለከተው ፎቶዎቹ ከመቶ በላይ ሆነዋል፣ ማስታወሻዬም ሃያ ሦስት ገጽ ሞልቷል፤ ለጎረቤቴ ልነግረው የምችለው ነገር ግን አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው ጸሐፊ የሚሸሽበት መንገድ በአገራችን የታወቀ ነው፦ ጉባኤው መከፈቱን፣ በክብር እንግድነት የተገኙት እነማን እንደሆኑ፣ ሳይንስ ለአገር ዕድገት ያለው ፋይዳ መወሳቱን ጽፎ መገላገል። ይህ ዓይነቱ ዘገባ ለእርሻ ጉባኤም ለፊዚክስ ጉባኤም ቃሉ ሳይለወጥ ያገለግላል። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያች ሌሊት ሁለት አንቀጽ ያህል በዚሁ መንገድ ጽፌ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግን የጥናቶቹን ማጠቃለያ መድበል ገልጬ አንድ ብቻ መረጥኩ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጬም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። አቅራቢዋ የስበት ሞገድን፣ ማለትም ግዙፍ አካላት ሲንቀሳቀሱ የሚነሣውንና ቦታን ራሱን እየለጠጠና እያኮማተረ የሚያልፈውን ሞገድ፣ የምታጠና ወጣት ተመራማሪ ነበረች። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 ስለዚህ ሞገድ በስሌት ቢተነብይም፣ ሞገዱ በመሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። በአሜሪካ በሃንፈርድና በሊቪንግስተን የተተከሉት ላይጎ የተባሉ ሁለት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፤ ሞገዱ ሲያልፍ አንዱ ክንድ በጥቂቱ ሲረዝም ሌላው ያጥራል፤ በሌዘር ብርሃን የሚለካው ይህ ለውጥ ግን የአንድ ፕሮቶንን ስፋት መቶኛ እንኳ አይሞላም። የሞገዱ ምንጭ፣ የአንዱ ግዝፈት የፀሐይን 36 እጥፍ የሌላው 29 እጥፍ ያህል የሆነ ሁለት ብላክ ሆሎች (ስበታቸው ብርሃን እንኳ የማያስወጣ አካላት) ተጋጭተው አንድ መሆናቸው ነበር። አዲሱ ብላክ ሆል 62 የፀሐይ ግዝፈት ያህል ነው። ተመራማሪዋ እዚህ ላይ ስትደርስ የእጇን ጠቋሚ መብራት በ62 ላይ አሳርፋ ዝም አለች፤ ከኋላ አንድ ተማሪ «ሦስት ጎደለ» እስኪል ድረስም አልቀጠለችም። የጎደለው የሦስት ፀሐይ ግዝፈት ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ስበት ሞገድነት ተለውጦ ወጥቷል።

ጽሑፌ በዚያች ዝምታ ላይ እንዲቆም ወሰንኩና በምሳ ሰዓት የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ጻፍኩ። ከመካከላቸው አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሦስት ፀሐዮችን የሚያህል ኃይል ወጣ፤ ኃይሉም በሚታየው ጠፈር ካሉት ከዋክብት ሁሉ ኃይል ይበልጥ ነበር።» በሻይ ዕረፍት ላይ ተመራማሪዋን ፈልጌ አነበብኩላት። እሷም ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ የቱ ኃይል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነበር። በአማርኛ «ኃይል» የምንለው ቃል ፊዚክስ ለያይቶ የሚያያቸውን ነገሮች አንድ ላይ ተሸክሟል፤ አንድን ነገር የሚገፋውም፣ ተጠራቅሞ የሚቀመጠውም፣ በየሰከንዱ የሚወጣውም መጠን ሁሉ ኃይል ይባላል። በዓረፍተ ነገሬ ውስጥ የመጀመሪያው ኃይል የወጣው ኢነርጂ ጠቅላላ መጠን ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ቅጽበት ኢነርጂው የወጣበት ፍጥነት ነው። በፍጥነቱ ግጭቱ ለዚያች ቅጽበት ከዋክብትን ሁሉ በልጧል፤ በጠቅላላ መጠን ከታየ ግን ሦስት ፀሐይ ከጠፈር ከዋክብት አንጻር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ አንባቢዬ ሁለቱን ኃይሎች አንድ አድርጎ ቢያነብ (አለማንበብም አይችልም) ሐሰት ነግሬዋለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር የእንግሊዝኛውን ቃል ከነቀመሩ ሰሌዳ ላይ ስለምጽፍ ይህ ጉድለት ለአሥራ አራት ዓመት ተሸፍኖልኝ ኖሯል።

አዲስ ቃል ልፈጥር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አንባቢ በ700 ቃላት ውስጥ ሦስት እንግዳ ቃላት አይለምድም። መፍትሔው የተገኘው ማታ፣ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ከምታስረክበው ታላቅ እህቴ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዷ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ስትሰካው የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ ይላል። ረቂቁን አንብቤላት የተጨነቅሁበትን ስነግራት፣ ማሰሻውን ከምጣዱ ላይ ሳታነሣ «አምፖሉ የሚደበዝዘው ገና ስሰካው ነው፤ ካርዱን የሚጨርሰው ግን ብዙ ሰዓት መጋገሬ ነው» አለች። ከዚህ የተሻለ መለያ እኔ አልነበረኝም። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ ከካርድ ቆጣሪዋ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቀነሳል፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢሠራ ቅነሳው ከ0.6 አያልፍም፤ የአምፖሉ መደብዘዝ ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው።

ምሳሌው ከቤት ውጭም ይቆም እንደሆነ በሕዳሴ ግድብ ሞከርኩት። የግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት ብዙ ጊዜ ተጠራቅሞ እንደተቀመጠ ሀብት ይወራል፤ ነገር ግን ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ በየሰከንዱ የሚያመነጩት ነው፤ በመንገድ የሚባክነውን ትተን ብናሰላው ወደ 1.47 ሚሊዮን የሚጠጉ የእህቴን ዓይነት ምጣዶች በአንድ ጊዜ ያሠራል። በጽሑፌ ውስጥ ለተጠራቀመው «ኢነርጂ»፣ ለሌላው ደግሞ ረጅም ቢሆንም «በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚወጣ ኢነርጂ» እያልኩ ጻፍኩ። ኃይል የሚለውን ቃል ከጽሑፉ ጨርሼ አወጣሁት።

ሌላው ምሳሌዬ መሲንቆ ነበር። የተመዘገበው ምልክት በ0.2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ከ35 ኸርዝ (በሰከንድ 35 ንዝረት) ወደ 250 ኸርዝ ስለወጣ፣ መሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጅማቱ ላይ ሲያንሸራትት ከሚሰማው ጋር አመሳሰልኩት። ተመራማሪዋ ምሳሌውን ወደደችው፤ ሆኖም «ሰዎች በሕዋ ውስጥ ድምፅ የተሰማ እንዳይመስላቸው» ስላለች፣ ድምፅ አየር እንደሚፈልግና የስበት ሞገድ ግን ራሱ የቦታ መለጠጥና መኮማተር እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። እንዲህ ያለውን እርማት በጉባኤው ላይ ማግኘት ይቀላል፤ አቅራቢውም ባለሙያ አድማጩም ስላይዱም እዚያው ናቸው። ከሳምንት በኋላ በኢሜይል መጠየቅን በሌላ ጉባኤ ሞክሬው፣ መልሱ ሲመጣ መጽሔቱ ታትሞ ነበር።

እህቴ ግን በረቂቁ ላይ አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር፦ «ያ ሁሉ ነገር ታዲያ የት ገባ?» በሦስተኛው ቀን ጥያቄውን ለተመራማሪዋ አደረስኩላት። ሞገዱ በሚያልፍበት ቁስ ውስጥ የሚቀረው ከምንም አይቆጠርም፤ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል (አንዱ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ተጉዞ መሬትን አለፈ፣ አሁንም እየሳሳ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል። ይህ በ700 ቃላት ውስጥ ቦታ ስላላገኘ ለሚቀጥለው እትም አቆይቼዋለሁ፤ ለእህቴ ግን በዚያው ማታ ደጅ ወጥተን በምሥራቅ በኩል የወጣውን ሲሪየስን አሳየኋት። ከእኛ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በእኛ በኩል ያለፈው ሞገድ በሄደበት አቅጣጫ ከዚያ የሚበልጥ ርቀት ተጉዟል።