ዳቦ ከኢንተርኔት ስማር የጠቀመኝ

ኢንተርኔት ላይ የዳቦ አሠራር እንደ ጉድ ነው። አንዱ ሁለት ኩባያ ውሃ ይላል፤ ሌላው አንድ ተኩል። አንዱ ሊጡ አንድ ሰዓት ይረፍ ይላል፤ ሌላው ይደር ይላል። ፎቶው ላይ ግን የሁሉም ዳቦ ያምራል። ፎቶ ደግሞ አይቀመስም። ስለዚህ መጋገር ስጀምር አሠራር መሰብሰቡን ትቼ፣ አሠራር የምፈትሽበት ዘዴ ፈለግኩ።

ዘዴውን ያገኘሁት ባለሙያ ጋጋሪዎች ከሚጠቀሙበት ስሌት ነው። ዱቄቱ ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት ነው። የቀረው ሁሉ ከዱቄቱ ክብደት አንጻር ይሰላል። 500 ግራም ዱቄት ካለ፣ 340 ግራም ውሃ 68 ፐርሰንት ይሆናል። 10 ግራም ጨው 2 ፐርሰንት፤ 5 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ 1 ፐርሰንት። አለቀ።

ይህን ከያዝኩ በኋላ አነባበቤ ተለወጠ። ውሃው 60 ፐርሰንት አካባቢ ከሆነ ሊጡ ጠንከር ያለ ነው፤ ለማሸት ይመቻል። 70ን ሲያልፍ እጅ ላይ መለጠፍ ይጀምራል። 80 ከደረሰ ከማሸት ይልቅ በየተወሰነ ደቂቃው ማጠፍ ይሻላል። ጨው ለአብዛኛው ዳቦ 2 ፐርሰንት ገደማ ነው። 4 ፐርሰንት የሚል ካየሁ ገጹን ዘግቼ እወጣለሁ። ሰሞኑን ማሽን የሚጽፋቸው አሠራሮች በዝተዋል። እነሱም በዚህ ወንፊት ሲያልፉ ቶሎ ይለያሉ።

ስሌቱ ግን በኩባያ አይሠራም። ሚዛን የግድ ነው። በአንድ ኩባያ ሁለት ጊዜ ዱቄት መዝኜ ነበር። መጀመሪያ ኩባያውን ዱቄቱ ውስጥ ከትቼ ዛቅኩ። ቀጥሎ በማንኪያ እያነሳሁ ሞላሁና አናቱን በቢላ ጠረግኩት። የተዛቀው ታምቆ ስለነበር ከሌላው በ30 ግራም ያህል በለጠ። አንድ ዳቦ ሦስት አራት ኩባያ ዱቄት ይፈልጋል። ልዩነቱን እናንተው አስሉት።

ኩባያው ራሱ ደግሞ አንድ አይደለም። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200። የአውስትራሊያ የሾርባ ማንኪያ 20 ሚሊ ሊትር ሲሆን የአሜሪካው 15 ነው። እዚህ ላይ በጣም የረዳኝ ኪንግ አርተር ቤኪንግ የተባለው የአሜሪካ የዱቄት ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ያለው የክብደት ሠንጠረዥ ነው። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ማር፣ ሁሉም ከኩባያ ወደ ግራም ተቀይሮ ተቀምጧል። ተራ የስንዴ ዱቄት እዚያ በኩባያ 120 ግራም ነው። በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን ቁጥር ምን ቋንቋ አለው?

ጨውም ያው ነው። ደቃቅ የገበታ ጨው በሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ይመዝናል። የአሜሪካ አብሳዮች የሚወዱት ኮሸር የሚባለው ሻካራ ጨው ግን እንደ ብራንዱ 3 ግራም ብቻ ሊሆን ይችላል። በማንኪያ ከተጻፈ የየትኛው ጨው እንደሆነ ማየት ነው። እርሾም ሲለያይ መጠኑ ይለያያል፤ ትኩስ እርሾ የፈጣን ደረቅ እርሾን ሦስት እጥፍ ያህል ይፈልጋል።

ቪዲዮ የምከፍተው ጽሑፍ ለማይገልጸው ነገር ብቻ ነው። ዋናው የእጅ ሥራ ነው። ሊጥ ታሽቶ በቅቷል ወይስ ገና የሚለውን ያየሁት በቪዲዮ ነው። ቁራሽ ሊጥ ትወስዳላችሁ፤ በሁለት እጅ ጣቶች ቀስ እያላችሁ ወደ ውጭ ትለጥጡታላችሁ። ሳይበጠስ ስስ ሆኖ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል። ቶሎ ከተቀደደ ገና ነው። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አውርዱ፣ ድምፁን ዝጉ፣ እጁን ብቻ እዩ። ወሬው ይቆያል።

ያለ ማሸት የሚሠራውን ዳቦ ለመሞከር የወሰንኩት ግን ምክንያቱ ስለገባኝ ነው። የኒውዮርኩ ጋጋሪ ጂም ላሂ ዘዴ ሲሆን፣ ማርክ ቢትማን በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2006 ነው። እርሾው ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው። ሊጡ በጣም እርጥብ ነው፣ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቀመጣል፣ ከዚያ በጋለ ወፍራም ድስት ውስጥ ክዳኑ ተገጥሞ ይጋገራል። እጅ የሚሠራውን ውሃውና ጊዜው ይሠሩታል፤ ሊጡን አያይዞ የሚይዘው የዱቄቱ ፕሮቲን፣ ግሉተን፣ ራሱ ይያያዛል። ክዳኑ እንፋሎቱን ስለሚያፍነው ቅርፊቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ዳቦውም እንደልቡ ይነፋል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሰዓትን ግን ከማንም ገጽ አትቅዱ። እርሾ የሚያውቀው ሙቀት ነው። የጋጋሪዎች ሌላ ቀላል ስሌት አለ፦ የምትፈልጉትን የሊጥ ሙቀት በ3 አባዙ፣ ከዚያ የክፍሉንና የዱቄቱን ሙቀት ቀንሱ። የቀረው የውሃው ሙቀት ነው። ሊጡ 26 ዲግሪ እንዲሆን ከፈለግኩ 78 ላይ እነሳለሁ። ክፍሉ 22፣ ዱቄቱ 20 ከሆነ ውሃው 36 ይሆናል ማለት ነው። በማሽን የሚያቦካ ሰው ማሽኑ ሊጡን ስለሚያሞቀው ውሃውን ቀዝቀዝ ያድርግ።

ከፍ ያለ ቦታ የምትጋግሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ። ብዙዎቹ አሠራሮች ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ውሃም በየ300 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። እንደ ኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት ስለዚህ የጻፉትን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ለኬክማ የግድ ነው። ለዳቦ እኔ እርሾውን ቀነስ አደርጋለሁ፣ ሊጡ እጥፍ ሲሆን ሰዓቱን ሳላይ ወደ ቅርጽ እሄዳለሁ።

ኦቨን ላይ ፋራናይትና ሴልሺየስን ለዩ። 450 ፋራናይት 232 ሴልሺየስ ነው። ማራገቢያ ያለው ኦቨን ከሆነ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ዝቅ ይደረጋል። መብሰሉን በቴርሞሜትር ማየት የዳቦውን ታች አንኳኩቶ ድምፁን ከመስማት ይሻላል፤ የዳቦ መሃሉ ከ93 እስከ 99 ዲግሪ ሲገባ አወጣዋለሁ። ከፍታ ላይ ግን የላይኛውን ቁጥር አትጠብቁ። ቴርሞሜትሩ ለወጥ ቤቱ ሁሉ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዶሮ ሥጋ 74 ዲግሪ ይላል፤ የሌላውንም ሥጋ ዝርዝር በነጻ አስቀምጦታል።

ጥሩ ገጽ ስታገኙ ሊንኩን ብቻ አታስቀምጡ፤ ገጾች ይጠፋሉ። የጠፋውን አንዳንዴ የድሮ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን የተባለው ድረ ገጽ ላይ አገኘዋለሁ፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አሁን ስልኬ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለኝ፦ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ፣ ሁሉም በፐርሰንት። ቀጥሎ የክፍሉ ሙቀትና ሊጡ የቆየበት ሰዓት። መጨረሻ ላይ ለሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደምቀይር አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ «ውሃ ትንሽ ጨምር» ነው የሚለው።