ጀጎልን ከአስጎብኚ ጋር በእግር

ሐረር አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በግንብ የታጠረውን የከተማዪቱን ጥንታዊ ክፍል፣ ጀጎልን፣ አይቻለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር የቻልሁት ግን ከአራተኛው ጉዞ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉዞዎች መታወቂያ ያለው አስጎብኚ አልያዝሁም ነበር። ምክንያቴም የብዙዎቻችን ምክንያት ነው፤ አስጎብኚ ለፈረንጅ እንጂ ቋንቋውን ለሚሰማ የአገር ልጅ ምን ያደርግለታል የሚል። በዚህ ሐሳብ ጸንቼ በዋናው መንገድ ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ እገባና፣ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና በሚንገረገርበትና ስሙንም ከዚያው ድምፅ ባገኘው በመኪና ግርግር በኩል ወደ ግድር መጋላ ገበያ ወርጄ፣ በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም በሚጠራው ራምቦ ቤት ደጃፍ ላይ ፎቶግራፍ ተነሥቼ እመለስ ነበር። ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ስፍራ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያንኑ አንድ መንገድ መመላለሴ ሲታሰበኝ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በአራተኛው ጊዜ የአስጎብኚነት መታወቂያ ያለው፣ በጀጎል ውስጥ ተወልዶ ያደገ አንድ ጎልማሳ ይዤ ወጣሁ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ እንድንጀምር የወሰነው እርሱ ነው፤ ከቀትር በኋላ ከተማው ለበርጫ፣ ማለትም ለጫት፣ ስለሚቀመጥ ሱቁም ሰዉም ጭር ይላል። ወደ ውስጥ እንገባለን ብዬ ስጠብቅ መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ ውጭ፣ ወደ ግንቡ ነበር።

ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ያሠራው ከኢማም አሕመድ ሞት በኋላ ከተማዪቱን የመራው አሚር ኑር ነው። አራት ሜትር ግድም ከፍታ ያለው፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የድንጋይ ካብ ሲሆን፣ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሰፊው የመኪና መግቢያ ኋላ የመጣ ነው። እያንዳንዱ በር ከአንድ በላይ ስም እንዳለው እስከዚያ ቀን ድረስ አላስተዋልሁም ነበር። እኛ ሸዋ በር የምንለው ለሐረሪው አስመዲን በሪ ነው፤ ፈላና በር አሱም በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣት በሪ፣ ቡዳ በር ደግሞ በድሪ በሪ ይባላል። አስጎብኚዬ ይህን የነገረኝ እንደ ዝርዝር አልነበረም፤ በእያንዳንዱ በር በኩል የሚመጣው ገበሬና ነጋዴ ከየት እንደሆነ፣ ምን ተሸክሞ እንደሚገባ፣ በጥንቱ ዘመን በሮቹ ሲመሽ እንዴት ይዘጉ እንደነበር እያዋዛ እንጂ። ከካቡ ሥር ያሉትን ዝቅተኛ ቀዳዳዎችም አሳየኝ፤ ሐረሪዎች ጅብን ወራባ ስለሚሉ የወራባ መግቢያ ናቸው። ጅቦቹ ሌሊት በእነርሱ ሾልከው ገብተው የከተማውን ጥራጊ አጽድተው ይወጣሉ። ማታ ከግንቡ ውጭ ለቱሪስት የሚታየውን የጅብ ምገባ ቀደም ሲል አይቼ ነበር፤ ከዚያ ትርኢት ይልቅ ይህች ቀዳዳ ስለ ሰውና ስለ ጅብ ስምምነት የበለጠ ነገረችኝ።

የውስጡ መተላለፊያዎች ቁጥር 368 ነው ይባላል። ብቻዬን ስሄድ ሁሉም አንድ ዓይነት የሚመስሉኝ፣ ግራና ቀኝ መስኮት አልባ የኖራ ግድግዳ የቆመባቸው መንገዶች ነበሩ። ለካ የሐረር ቤት ፊቱን ለመንገድ አይሰጥም። አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ ጠባብ ስፍራ ላይ ስንደርስ አስጎብኚዬ ቆመና፣ የተጣሉ ሰዎች እዚህ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ እንደማይችሉ፣ ስለዚህም ስፍራው የዕርቅ መንገድ እንደሚባል እየሳቀ ነገረኝ። ይህን ለስንት ሰው እንደነገረው አላውቅም፤ ሳቁ ግን ያልተሰላቸ ነበር።

ጉብኝቱ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ለእንግዳ በራቸውን ከሚከፍቱት፣ «ጌይ ጋር» ከሚባሉት የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ወደ አንዱ ከገባን በኋላ ነው። ጌይ ማለት ከተማ ነው፤ ሐረሪዎች ሐረርን የሚጠሩት እንዲሁ ከተማ ብለው ሲሆን፣ ቋንቋቸውንም የከተማ ቋንቋ፣ ጌይ ሲናን ይሉታል። የዋናው ክፍል ወለል በአንድ ደረጃ የተደለደለ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ አምስት ከፍ ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥም የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የትልልቅ ሰዎች ነው፤ ግድር ነደባ ሰፊው መደብ ሲሆን፣ ጢት ነደባ አነስ ያለው ነው። ከግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሳይ ቅርጾች የመጽሐፍና የዕቃ ማስቀመጫ ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በላይና በታች ስፌቶቹ ከጣሪያው ሥር እስከ መቀመጫው ድረስ ተሰቅለዋል። በጎን በኩል ክርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች፤ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ ያሳልፉ እንደነበር ይነገራል። እኔ ያለ አስጎብኚ ብገባ ኖሮ የምቀመጠው በእርግጠኝነት አሚር ነደባ ላይ ነበር። አስጎብኚዬ ምንም ምልክት ሳያሳየኝ፣ ቀድሞኝ ሄዶ በሌላው መደብ ላይ ስለተቀመጠ ተከትዬው ዳንሁ።

ጥሩ አስጎብኚን ከመካከለኛው የምለይበትንም ያገኘሁት እዚያው ነው። የወለሉ ቀይ ቀለም በጨለንቆ ጦርነት፣ ማለትም አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. በምኒልክ ሠራዊት በተሸነፉበት ውጊያ፣ የወደቁትን ለማሰብ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። እርሱም ይህንኑ ነገረኝ፤ ነገር ግን «ይባላል» የምትለዋን ቃል አልዘለላትም። ራምቦ ቤት ስንደርስም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በሐረር በንግድ ሥራ ኖሯል፤ በስሙ የሚጠራውን ይህን ያማረ የእንጨት ሕንፃ ግን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ሲሆን፣ ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1891 ከሞተ በኋላ የቆመ ነው። ይህን ለጎብኚ መንገር ገበያ ይቀንሳል ብለው የሚዘሉት አሉ። እኔ ግን እውነቱን ከሰማሁ በኋላ ወደ ውስጥ ገብቼ የቆዩትን የሐረር ፎቶግራፎች ከቀድሞው በበለጠ ትዕግሥት አየኋቸው።

አስጎብኚ ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። በሁለተኛው ጉዞዬ በመንገድ ላይ የተጠጋኝ አንድ ወጣት «ወንድሜ፣ ላሳይህ» ብሎ ከአንድ የዕደ ጥበብ ሱቅ ወደ ሌላው ሲያዞረኝ ውሎ ነበር፤ ከሱቆቹ ኮሚሽን እንዳለው የገባኝ ከመሸ ነው። መታወቂያ መጠየቅ፣ ዋጋውንና የሰዓቱን ርዝመት አስቀድሞ መስማማት፣ የሙዚየም መግቢያ ለብቻው እንደሚከፈል ማወቅ ከዚህ ያድናል። ደግሞም ለአገር ልጅ የሚሆነው መንገድ ለፈረንጅ ከሚሆነው ይለያልና፣ ራምቦን አሳጥረህ ቤቱንና ግንቡን አስረዝምልኝ ብሎ መንገር ነውር የለበትም።

እኩለ ቀን ላይ ከተለያየን በኋላ፣ አሁንማ አውቄዋለሁ ብዬ ብቻዬን ተመልሼ ገባሁና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠፋሁ። ከብዙ መጠማዘዝ በኋላ አንድ በር ላይ ስደርስ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃሪያ የሚሸጡትን እናት ቀረብ ብዬ፣ የተማርሁትን ለማሳየት ጭምር፣ «እናቴ፣ ይህ ሱቁጣት በሪ ነው ወይስ አርጎብ በሪ?» ስል ጠየቅኋቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሁለቱም አይደለም፣ ልጄ፤ ቡዳ በር ነው» አሉኝ።