ውክልና ይሰጣል እንጂ አይሸጥም

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና «በውክልና ተሸጠ» ሲባል የሚደነቅ ሰው የለም። ገዥው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ሻጩ የስም ዝውውሩን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ ውልና ማስረጃ ይሄድና «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር» የሚል ውክልና ይፈርምለታል፤ ሁለቱም ጉዳያቸው እንዳለቀ ተማምነው ይለያያሉ። ባለዕጣዎቹ ለአምስት ዓመት እንዳይሸጧቸው በተከለከሉ የኮንዶሚኒየም ቤቶችም ይኸው ሲደረግ ኖሯል። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ስለ ውክልና ጥያቄ ይዘው ከሚመጡት ሰዎች የብዙዎቹ ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ በመሆኑ፣ ሕጉ ስለ ወካይና ተወካይ ምን እንደሚል በአንድ ጽሑፍ ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጡ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2199 ውክልናን የሚያየው፣ ተወካይ የተባለው ሰው ወካዩን ተክቶ አንድ ወይም ብዙ ሕጋዊ ሥራዎችን በእርሱ ምትክ ለማከናወን የሚስማማበት ውል አድርጎ ነው። ተወካዩ በሥልጣኑ ልክ በወካዩ ስም ሲዋዋል፣ በአንቀጽ 2189 መሠረት ውሉን ወካዩ በቀጥታ እንደፈጸመው ይቆጠራል። ስለዚህ ለተወካይ ሲሚንቶ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ዋጋውን የሚጠይቀው ወካዩን ነው። ደላላ ግን ገዥና ሻጭን አገናኝቶ ኮሚሽኑን ይቀበላል እንጂ በማንም ስም አይፈርምም፤ በየሰፈሩ «ወኪል ነኝ» ከሚሉት ብዙዎቹ በሕግ ዓይን ደላሎች ናቸው።

የሥልጣኑ ልክ የሚታወቀው ከሰነዱ ነው፤ ሰነዱም በጠባቡ እንዲተረጎም ሕጉ ያዛል። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና፣ በአንቀጽ 2203 እና 2204 እንደተደነገገው፣ ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ይህም ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ ዕዳ መሰብሰብና መክፈል፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ዕቃን መሸጥ የመሳሰለው ነው። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ለመክሰስና ተከሶ ለመከራከር በአንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የውክልና ወረቀቶቻችን በ«እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያከራይ፣ ባንክ አስይዞ እንዲበደር» ዓይነት ረጅም ዝርዝር የሚሞሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። የሚያሳዝነው፣ የሱቅ ኪራይ የሚሰበስብለት ሰው ብቻ የፈለገ ባለንብረት፣ ጽሑፍ ቤቱ ከኮምፒውተሩ ያወጣለትን ዝርዝር ሳያነብ ፈርሞ ቤቱን የማስያዝ ሥልጣን ጭምር ሰጥቶ መሄዱ ነው።

ወደ መኪናው ገዥ እንመለስ። በእጁ ያለው ወረቀት የሌላ ሰው ንብረት ተወካይ ያደርገዋል እንጂ ባለቤት አያደርገውም፤ ሕጉ ደግሞ ተወካይን የሚያየው ለወካዩ ጥቅም ብቻ በቅንነት የሚሠራና ሲጠየቅ ሒሳብ የሚያቀርብ ሰው አድርጎ ነው። ወካዩ ሥልጣኑን በፈለገው ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ይህን መብቱን አስቀድሞ የሚተውበት የውል ቃልም ዋጋ የለውም፤ በመሆኑም «የማይሻር ውክልና» ብሎ መጻፍ ወረቀት ከማበላሸት አያልፍም። ወካዩ ቢሞት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ውክልናው በዚያው ያበቃል፤ መኪናውም ገና በሟች ስም ስለሆነ ገዥው ከወራሾች ጋር መነጋገር ግድ ይሆንበታል። ተወካዩ ንብረቱን ለራሱ ቢሸጥ እንኳ በአንቀጽ 2188 መሠረት ወካዩ ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ገዥው የሽያጭ ውል በጽሑፍ ካለው በዚያ ይከራከራል፤ ከውክልናው በቀር ሌላ ወረቀት ከሌለው ግን አቋሙ ደካማ ነው።

የመሻር መብት ይህን ያህል ሰፊ መሆኑ ወካዮችንም ያዘናጋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ የሚነግድ ሰው በውክልና ዕቃ የሚገዛለትን ሠራተኛ አሰናበተው እንበል። የቀድሞው ሠራተኛ በሳምንቱ ወደለመደው አቅራቢ ሄዶ በዱቤ ብረት ያስጭናል፤ አቅራቢው ስለ ስንብቱ የነገረው የለም፣ የውክልናው ወረቀትም አሁንም በሰውየው ቦርሳ ውስጥ ነው። ወካዩ «ሰርዤዋለሁ» ብሎ ቢሟገት ብዙ አያዋጣውም፤ ውክልና መኖሩን ለሦስተኛ ወገን አስታውቆ መሻሩን ግን ያላስታወቀ ወካይ ከተወካዩ ጋር በአንድነት ኃላፊ ይሆናልና። ይህ ድንጋጌ ተገቢ ነው እላለሁ፤ አቅራቢው በሁለት ሰዎች መካከል የተፈጠረውን ጠብ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ዝም ያለው ወካዩ ነው።

ስለዚህ መሻሩ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት እንደ ውክልናው ሁሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም ወኪሉ ለሚሠራባቸው ባንኮች፣ ተከራዮችና አቅራቢዎች በደብዳቤ ማሳወቅና ደብዳቤው እንደደረሳቸው የሚያሳይ ፊርማ መያዝ ይገባል። ዋናውን ወረቀት ማስመለስም የወካዩ ድርሻ ነው። ተወካዩ ያልተከፈለው የድካም ዋጋ ቢኖረው ገንዘቡን ለብቻው ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰነዱን ግን እንደ መያዣ አግቶ ማስቀረት አይችልም።