ቀዩ መርፌ

ዛሬ ሦስተኛውን የቫይታሚን ቢ12 መርፌ ተወጋሁ። ነርሷ የብልቃጧን አንገት ቀጭ አድርጋ ሰብራ መድኃኒቱን ስትስበው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ቀይ ነው። የቀይ ሥር ውሃ ይመስላል። በእያንዳንዱ ሞለኪውሉ መሐል ኮባልት የሚባል ማዕድን አንዲት አቶም አለች።

እግሬን መደንዘዝ ከጀመረኝ ሰነባብቷል። ድካም መስሎኝ ችላ አልኩት። ደም ስመረመር ቫይታሚን ቢ12 በጣም ዝቅ ብሏል ተባልኩ። አይገርምም። ጾምም ሆነ ፍስክ ሽሮና ምስር ነው የምበላው። ሥጋ፣ ወተት፣ ዓሣ ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል። በቀን የሚያስፈልገኝ እኮ 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነበር!

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለዚህ ቫይታሚን ሳነብ አመሻለሁ። ጎመን አይሠራውም። ላምም አትሠራውም፤ ሆዷ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሠሩላት። በምድር ላይ ሙያው ያላቸው አንዳንድ ባክቴሪያዎችና አርኬያ የሚባሉ ረቂቅ ፍጥረታት ብቻ ናቸው። ሥራው ሠላሳ ገደማ ደረጃ አለው። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን የሞለኪውሉን ቅርጽ በኤክስሬይ ለመፍታት ዓመታት ፈጅቶባታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ኖቤል ካሸለሟት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን እዚህ በኦማን ዋና ከተማ በማስካት ከመስኮቴ የሚታየኝ ባሕር ነው። የኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ ላዩን ሲያዩት ሰማያዊ ነው፤ መቶ ምናምን ሜትር ሲወርዱ ኦክስጅኑ እየተሟጠጠ ይሄዳል። ተመራማሪዎች ሮቦት ውሃ ውስጥ ልከው ለክተውታል። በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት መሠረት ኦክስጅን ያጣው ስፍራ ከስኮትላንድ ይሰፋል። «የሞተ ቀጠና» ይሉታል።

ስሙ አልተዋጠልኝም። ለዓሣ ሞት ነው፤ እሱስ ያሳዝነኛል። ግን ኦክስጅኑ መመናመን በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ከአሞኒያ ጉልበት እያወጡ የሚኖሩ አርኬያዎች ሞልተዋል። በውቅያኖስ ውስጥ ቢ12 ከሚሠሩት ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ቢ12 የሚሠራበት መንገድም ሁለት ነው። አንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋል። ሌላኛው ያለ ኦክስጅን ይሄዳል፤ ኮባልቷን ገና ከጅምሩ ያስገባታል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ጓዳው ሥራ አልፈታም።

ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አልጌዎች፣ ዕፅዋት መሰል የውሃ ፍጥረታት፣ ደግሞ የሌላ እጅ ጠባቂዎች ናቸው። ከተፈተሹ 326 የአልጌ ዝርያዎች 171ዱ ቢ12ን ከሌላ ካላገኙ አያድጉም። እንደ እኔው። አልጌውን ጥቃቅን እንስሳት ይበሉታል፣ እነሱን ሰርዲን ይበላቸዋል።

ከክሊኒክ ስመለስ በሙትራህ ዓሣ ገበያ በኩል ዞሬ ግማሽ ኪሎ ሰርዲን ገዛሁ። እጄን ሁለቴ ታጥቤያለሁ። ይህን ስጽፍ አንዲት ቅርፊት አሁንም አውራ ጣቴ ላይ ተለጥፋ ታብለጨልጫለች።